«ወፍ የለም» ላላችሁኝ

መስከረም ሲጠባ አደይ ይፈነዳል፤ ከአደይ ጋር የሠፈሬ ምላስም አብሮ ይፈነዳል። ባይናኩላር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ መናፈሻ ስወርድ ያየኝ ሁሉ አፉን ያሟሽብኛል። ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ምላሱን ሲስል ለከረመ ሰው እኔ ከሰማይ የወረድኩለት ሲሳይ ነኝ። እሺ፤ የተናገራችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ የመልስ ቀን ነው።

ከታክሲ ረዳቱ እንጀምር። «ባለ መነጽሩ፣ አንተ ኋላ ወንበር ብትቀመጥም ሾፌሩ ፊት ያለውን ታያለህ፤ እለፍ ወደ ውስጥ!» አለና ታክሲውን በሳቅ ሞላው። «ይኼ መነጽር የራቀን ነገር ሁሉ ያቀርባል» አልኩት፤ «መልሴ ግን ኪስህ ገብታለችና በሱም አትታይም። ወዲህ በላት።» ሲስቁ ከነበሩት ሁለቱ የራሳቸው መልስ ትዝ አላቸውና ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ።

መናፈሻው በር ላይ ደግሞ ሊስትሮዎቹ አሉ። «ፋዘር፣ ዛሬ ወፍ የለም!» ይለኛል ትንሹ። ሥራ ቢጠየቅ ወፍ የለም፣ ብድር ቢጠየቅ ወፍ የለም፤ ይኸው እውነተኛ ወፍ ፍለጋ ለሄደ ሰውም ያችኑ መዘዛት። «ስማ» አልኩት፤ «በዚህ ከተማ ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ጠፍቶ የማያውቅ ወፍ ብቻ ነው። አገሪቱ ከ860 በላይ ዝርያ አላት። አንተ የምታውቀው ቁራና ዶሮ ነው፤ ዶሮንም የምታውቃት በወጥ ነው።»

«ዶሮ በዘንድሮ ዋጋ?» አለኝ ብሩሹን እያንኳኳ፤ «እሷም ወፍ የለም!»

ይህችን ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ወደ ልብስ ሰፊው ልለፍ።

ልብስ ሰፊው ሰኔ ላይ የሰጠሁትን ሱሪ እስከ ዛሬ ይዞብኛል። ሰሞኑን መንገድ ላይ አገኘኝና «ጠፋህ እኮ፣ የመስቀል ወፍ ሆንክብን!» ብሎ ሊቀድመኝ ሞከረ። «የመስቀል ወፍስ ልብሷን በጊዜ ቀይራ ትወጣለች» አልኩት፤ «ያንተ ደንበኛ ብትሆን ኖሮ ደመራው ላይ ራቁቷን ነበር የምትቆመው።»

ነገሩ ግን ከሱሪዬ ይልቃል። የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ብላ የምትጠፋ እንግዳ ናት ብላችሁ ስንት ዘመን ሰው ሰድባችሁባታል። አዲስ አበባ ዙሪያ በዚህ ወቅት ሣሩና አጥሩ ላይ ጥቁር በቢጫ፣ ጥቁር በቀይ ለብሰው የምታዩዋቸው ወፎች ከየትም አልመጡም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበሩ፤ ከድንቢጥ መካከል ገብተው የእናንተኑ እህል ሲለቅሙ። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ወንዶቹ ቡናማ ላባቸውን አራግፈው ጥቁሩን ይለብሳሉ፤ አንዳንዱም ረጅም ጭራ ያበቅላል። ሣሩ ሲደርቅ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፍና ወንዱ ከሚስቱ ብዙም የማይለይ ቡናማ ወፍ ሆኖ ይቀራል። ደግሞ ልብ በሉ፤ «እሷ» እያላችሁ የምታወድሷት ባለ ጌጧ «እሱ» ነው። እሷማ መስከረምም ላይ ያው ቡናማዋን እንደለበሰች ሣር ውስጥ ጎጆዋን ትጠብቃለች። ስለዚህ ሰው ሲጠፋባችሁ የመስቀል ወፍ አትበሉት፤ ወፉ አጥራችሁ ላይ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ያያችኋል፤ ሰላም የማትሉት እናንተ ናችሁ።

ይህን ወሬ ጸጉር ሠሪዋ ሰማች። «ወንዱ ነው የሚቆነጀው? ታዲያ ወደ እኔ ምነው አይመጡም?» አለች።

«የነሱን ጸጉር ሠሪ ልንገርሽ» አልኳት። ማልቴ አንደርሰን የሚባል ስዊድናዊ ኬንያ ውስጥ የኛዎቹ የቅርብ ዘመድ የሆነ ጭራው ግማሽ ሜትር የሚደርስ ወፍ ያጠና ነበር። የአንዳንዶቹን ወንዶች ጭራ ቆረጠና በሌሎቹ ጭራ ላይ በሙጫ ቀጠለው። ውጤቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ጭራ የተቀጠለላቸው ወንዶች ክልል ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ሴቶች ከሌሎቹ በለጡ።

«ሂውማን ሄር ነው የሠራላቸው በለኛ!»

«እሱ ነው።»

«ሙጫውን ከየት ነው የገዛው? የኛ ሳምንት አይቆይም።» ዝም ብል ደህና ነበር። «የተቆረጠባቸው ግን ያሳዝናሉ» አልኩ። ቀና ብላ ራሰ በራዬን አየችና «አይዞህ፤ አንተ ሳትቆረጥም ችለኸዋል» አለችኝ። ሱቋ ውስጥ ካስክ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ካስኩ እየጮኸ ይህችን እንዴት እንደሰሙ አላውቅም።

ቤተኛውን እንግዳ ያልን ሰዎች፣ እንግዳውንስ ምን አደረግነው? በእግራችን ሥር ስታልፍ አላየናትም። መስከረም ሲጋመስ ጀምሮ ሣር ሜዳ ላይ፣ ኩሬ ዳር፣ ከብት ካለም ከከብት ኋላ ኋላ እየሮጠች ዝንብ የምትለቅም፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋ ዕረፍት የሌለው ቀጭን ወፍ አለች። ከአውሮፓ ወይ ከሩሲያ ሜዳ የመጣች ናት። ሙሉ ክብደቷ ወደ 17 ግራም ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት የአጎቷ ልጅ ከአሜሪካ ገብቶ ሳሎኗ ውስጥ ሻንጣ እየፈታ ነበር፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ።

«ከዚያ ሁሉ አገር ስትመጣ ምን ይዛ መጣች?» አለች አክስቴ።

«ጭራዋን ብቻ።»

«እሱንስ ምን ታደርግበታለች?»

«ስታወዛውዘው ትውላለች።»

አክስቴ ዞር ብላ በየክፍሉ እየተዘዋወረ ቪዲዮ የሚቀርጸውን እንግዳዋን አየችው። «የኛውም ያው ነው፤ ልዩነቱ 46 ኪሎ ነው» አለች። እንግዳው በእንግሊዝኛ ሳቀ።

አክስቴን መልስ ማሳጣት አይቻልም። «ወፍ ወፍ ስትል ወፈፌ ሆነህ ልትቀር ነው። ይኼን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ እንጂ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የሚባል አለ አልኳት፤ ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። «ማኅበር ካላችሁ ዝክሩ መቼ ነው?» አለች። የለንም፤ በፈረንጆቹ ጥር በየውሃው ዳር ወጥቶ የውሃ ወፍ መቁጠር ነው ያለው። «ጠላ የሌለው ማኅበር!» አለችና ቡናዋን ቀዳች። «አንተ ልጅ፣ እኔስ እንደዚያ የከሳኸው ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።» ይህችን እንኳ በእውቀት መለስኳት፤ ተጓዥ ወፍ ከመነሳቷ በፊት ትበላለች፣ ትበላለች፣ አንዳንዷ ክብደቷ እጥፍ ሊሆን እስኪቃረብ ስብ ታጠራቅማለች፤ ስቡ ነዳጇ ነው። የከሳ አልሄደም ማለት ነው ብላ ደመደመች። «አንተም የትም የማትሄደው ለዚህ ነው።»

ደላላውን ያገኘሁት ድልድይ ሥር ባለች ቀጭን ጅረት አጠገብ ነው፤ ከሰው የሚሸሸግበት ጉዳይ ሳይኖረው አይቀርም። እኔ እዚያ የሄድኩት ለአንድ ብቸኛ ወፍ ነው። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጭ፣ ሲበር የጭራው መነሻ እንደ በረዶ የሚያበራ። ይሄ ወፍ ሰፊ ሐይቅ አይመርጥም፤ ጠባብ ቦይና የጎርፍ ማቆሪያ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ጓደኞቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ክረምቱ ሳይወጣ እዚህ ይደርሳል። «ምን አለ እዚያ?» አለኝ ደላላው። በሰሜን ጫካዎች ውስጥ የሚራባ ወፍ ነው፤ ራሱ ጎጆ አይሠራም፣ ሌላ ወፍ ዛፍ ላይ ሠርቶ የተወውን አሮጌ ጎጆ ፈልጎ እንቁላል ይጥልበታል አልኩት። የደላላው ዓይን በራ።

«ቀብድ ሳይከፍል?»

«ሳይከፍል።»

«አከራዩስ ዝም?»

«አከራዩ ለቅቆ ሄዷል።»

«አየህ፣ ደላላ የሌለበት አገር እንደዚህ ነው፤ ሰው ሀብቱን ጥሎ ይሄዳል።» እኔም እንዲህ አልኩት፤ «አንተ እጅ ቢገባ ያንን ጎጆ ባለ ሁለት መኝታ ብለህ ነበር የምታከራየው።» ምንም አልከፋውም። «ከሥሩ ውሃ ካለማ ሌክ ቪው ብዬ ነው» አለኝ።

ወደ ሰፊው መናፈሻ እንግባ። አዲስ አበባ በዚህ በኩል ታድላለች፤ ከብሔረ ጽጌና ከአምባሳደር የቆየ ጥላ አንስቶ በ2013 እስከተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ድረስ ዛፍ አይጠፋም። መስከረም ላይ ግን መናፈሻ የሙሽራ ነው። ወዳጅነት ፓርክን በመሰለ ፏፏቴና ሰው ሠራሽ ሐይቅ ባለበት ቦታ ሁሉ ካሜራማን አለ፤ ካሜራማን ባለበት ሁሉ «ከፍሬም ውጣልኝ» አለ። እኔንም ብሎኛል። «እኔ ሙሽራህን አላይም፤ አንተም ወፌን አታስደንግጥ» አልኩት። «ምን የሚታይ ወፍ አለ እዚህ? ቢያንስ ሙሽራ ለብሳለች!» አለኝ።

አለባበስ ካነሳህማ ተቀመጥ አልኩት። ገፈርሳ ግድብና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከዚህ ወር ጀምሮ በመንጋ የሚወርድ ግራጫ ቡናማ ረጅም እግር ወፍ አለ። እዚህ ያየው ሰው ሁለተኛ አያየውም። ይህ ወፍ በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረግ ላይ በጸደያቸው ሲዳር ብታየው ግን ካሜራህን ትጥላለህ። ወንዱ አንገቱን ዙሪያውን የሚከብ ትልቅ የላባ አንገትጌ ያወጣል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ቡናማ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ወንዶቹ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው እያንዳንዱ የክንድ ያህል ቦታ ይዞ ይሟገታል፤ ሴቶቹ እየዞሩ ይመርጣሉ። ሠርጉ ሲያልቅ አንገትጌው ይረግፋል።

«እኛ ጋ የሚደርሰው ሱፉን ለአከራዩ መልሶ ነው በለኛ» አለ ካሜራማኑ። ሙሽራው ሰማና ሰዓቱን አየ።

ሚዜውን ደግሞ ስማ አልኩት። ከነዚህ ወንዶች መካከል የራሱ ቦታ የሌለው፣ ባብዛኛው ነጭ አንገትጌ ያለው፣ ባለ ቦታው አጠገብ አንገቱን ደፍቶ የሚቆም አለ። ባለ ቦታው አያባርረውም፤ ሁለት ሆነው መቆማቸው ሴቶቹን ይስባልና። ዞር ሲል ግን ያ ነጭ አንገትጌ ቀድሞት ይገኛል። ጥቂቶቹ ደግሞ ጭራሽ አንገትጌ አያወጡም፤ ሴት መስለው በመካከላቸው ይገባሉ፤ ባለ ቦታው እንግዳ መጣችልኝ ብሎ ይቀበላቸዋል። ይህ ሁሉ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወረስ ጠባይ እንደሆነ ተጠንቷል። ካሜራማኑ ነጭ ኮት የለበሰውን አንደኛ ሚዜ አየው። ሙሽራውም አየው። ሚዜው «እኔን ምን አገባኝ? እኔ ቀለበት ነው የያዝኩት!» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ጥበቃዎች፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። አንድ መናፈሻ በር ላይ ሽማግሌው ጥበቃ ባይናኩላሩን ይዘው «ምን ልትሰልልበት ነው?» አሉኝ።

«ቁራ ነው የማየው አባባ።»

«ቁራውን ማን ላከው?»

«መጀመሪያ የላከው ኖኅ ነው።»

«እሱ እኮ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። አንተም ገብተህ እንዳትቀር መታወቂያህን አስይዝ።» አስያዝኩ። የነገርኳቸው ግን እውነት ነበር። መንቁሩ ከጭንቅላቱ የሚገዝፍ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ያ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ሰው ከባሕር ማዶ ገንዘቡን ከፍሎ ሊያየው ይመጣል። ስወጣ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ዛፉ ላይ የተቀመጠውን ረጅም ጊዜ አዩት። «አወቅሁት» አሉ፤ «ትናንት ምሳዬን የበላው ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያየዋል? እኔ ቀለቡን የምችል ሰው ነኝ፤ ለኔስ ስንት ይደርሰኛል?»

ዲያቆኑ ጎረቤቴ ደግሞ «ጾምና ጸሎት ትተህ ወፍ ታሳድዳለህ» ብሎኛል። እንግዲህ ትንቢተ ኤርምያስን ምዕራፍ 8 ይክፈትና ነቢዩ የሽመላንና የዋኖስን መመላለሻ ጊዜ እንዴት ልብ ብሎ እንዳየ ያንብብ። ኤርምያስ ባይናኩላር አልነበረውም እንጂ ነገሩ ያው ነው። ዲያቆኑ ግን እዚያ ቦታ ላይ የተወቀሰው ወፉ ሳይሆን ሰው መሆኑን አስታወሰኝ። አነበበው ማለት ነው።

አባቶች ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ብለዋል። እውነት ነው። ጎህ ሲቀድ ጣራ ላይ ተሰብስባ የምታንቋርረው፣ ጉሮሮዋ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለላት፣ መንቁሯ ወደ ታች የቆለመመው የሣር ሜዳዋ ወፍ የዚሁ ደጋ ልጅ ናት፤ ባገሯ ማን ዝም ያሰኛታል? ከባሕር ማዶ የመጡት ግን ብዙዎቹ እንደ አገራቸው አይዘፍኑም። ዘፈናቸው ለትዳርና ለመሬት ነው፤ እዚህ ብዙዎቹ ሁለቱም የላቸውም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። ሰው አገር ስትሄድ እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ ከዱባይ የተመለሰ የሠፈራችን ልጅ ነው።

እሱ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ነበር የደረስኩት። ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ለመሄድ ይመካከራሉ። አንደኛው «አንተ ቀኑን ሙሉ ሰማይ የምታየው፣ እስቲ መንገዱን ንገረን» አለኝ። መንገዱን ወፎቹ ያውቁታል አልኩት፤ በነዚህ ወራት ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የሚመጡ ንስሮችና ጭልፊቶች የመንን አቋርጠው በባብ ኤል መንደብ ጠባብ ባሕር ላይ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ዳርቻ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ወቅት ብቻ ከ240 ሺህ በላይ መዝግበዋል።

«ከየመን ወደኛ?» አለኝ።

«ወደኛ።»

ትንሽ አሰበና እጁን ዘረጋ። «መነጽሩን አውሰኝ፤ ምን አይተው እንደሚመጡ ልይ።»

ለዚህ መልስ የለኝም፤ ወደ ገፈርሳ ልሂድ። ከቡራዩ አለፍ ብሎ በአምቦ መንገድ ላይ የሚገኘው ገፈርሳ አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ ነው፤ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት የደጋ ዝይ እዚያ ይገኛል። እሱም ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የለም። አንገቱን ጀርባው ላይ አጋድሞ ነው የሚራመደው፤ ቢሮ የገባ የሰኞ ጠዋት ሠራተኛ በሉት። አብሮኝ የሄደው ወዳጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «ቢያንስ እሱ ሥራ ቦታው ላይ ተገኝቷል፤ አንተ ዛሬ ሰኞ አይደለም?» አለኝ።

መስከረም ላይ ገፈርሳ እስከ አፉ ሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ውሃው ሣሩን ነክቶ ቆሟል። ለዳክዬ ደግ ነው። ረጅም እግሮቹ ግን ጥቅምት ደርሶ ውሃው ሲሸሽ፣ ዳሩ ጭቃ ሲያወጣ ነው የሚበዙት፤ ትልና እጭ ያለው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነውና። ረጅም መንቁር ያለው ጠልቆ ያወጣል፣ አጭር መንቁር ያለው ከላይ ይለቅማል፤ አንድ ስንዝር ጭቃ ለአምስት ዓይነት ወፍ ማዕድ ይሆናል። በደቡብ በኩል ያለውን አባ ሳሙኤልንም እዩ። የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ነው፤ ዛሬ በአቃቂ ወንዝ የከተማው እድፍ ሁሉ የሚወርድበት፣ እምቦጭ የወረረው ውሃ ሆኗል። ከጥቅምት ወዲህ ግን ከሰሜን የሚመጡ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በዙሪያው ባለው ማሳ ላይ በመቶ ይወርዳሉ። እድፉን ማመስገኔ አይደለም፤ መርዝ መርዝ ነው። ወፉ የመጣው ግን ለእድፉ ሳይሆን ለለሰለሰው ዳርቻና ለተቆረጠው እህል ቃርሚያ ነው፤ ይህንን ደግሞ ንጹሕ አድርጎ መሥራት ይቻላል።

እኛ የምንሠራው ግን ሌላ ነው። ኩሬ ስንቆፍር ዳሩን እንደ መታጠቢያ ገንዳ ቀጥ አድርገን በሲሚንቶ እንገርፈዋለን፤ በላዩ እብነ በረድ፣ በመካከሉ ፏፏቴ፣ በፏፏቴው ላይ ሦስት ቀለም መብራት። ከሳይቤሪያ አጠገብ የተነሳች 25 ግራም የማትሞላ ወፍ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ ስትደርስ እግሯን የምታሳርፍበት የመዳፍ ያህል ጭቃ የለም። ለወፍ ብላችሁ ሠራችሁ አላልኩም፤ ለፎቶ እንደሆነ ሙሽራውም ያውቃል። ግን ከአራቱ ማዕዘን አንዱን ማዕዘን ዝቅ አድርጎ ለአፈር መተው ከፏፏቴው ፓምፕ ይረክሳል። ቄጠማውንም ቢሆን ለበዓል ከሥሩ አጭዳችሁ ሳሎን ከምትጎዘጉዙት እፍኝ ያህሉን ብትተዉት ወፎቹ ይደበቁበት ነበር።

ይህን ንግግር ለማሰማት መሐንዲስ አላገኘሁም። ያገኘሁት መቆፈሪያና መጥረጊያ ይዛ የኩሬውን ዳር የምታጸዳ ሴት ነው። በዚያ ሁሉ ሲሚንቶ መካከል አንድ ጥግ ተሰንጥቆ ጭቃ ወጥቶበታል፤ ጭቃው ላይ ሁለት ወፎች ቆመዋል፤ እሷም ወደዚያው ትሄዳለች።

«እህቴ፣ ይቺን ጭቃ ብትተያት?» አልኳት።

«ለማን ብዬ?»

«ለወፎቹ። ስንት አገር አቋርጠው ነው የመጡት።»

«እኔም ከሠፈሬ ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የመጣሁት። አለቃዬ ጭቃውን ሲያይ ወፎቹ ይናገሩልኛል?»

«እኔ እናገርልሻለሁ።»

«አንተ ማነህ?»

«ወፍ የማይ ሰው ነኝ።»

«እንዲያ በልና ደሞዜን አስቆርጥ።» መቆፈሪያዋን ተደግፋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ዓይኗ ጫማዬ ላይ ቆመ። «ደግሞ ጭቃ ከሆነ የጠፋው፣ ጫማህን እዚህ አራግፍ፤ ለሦስት ኩሬ ይተርፋል።»